ለደሴና ለኮምቦልቻ የአፀደ ሕፃናት ክፍሎች አንድ ፕላን ይበቃል?

ወመህ_ጸሐፊ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለአፀደ ሕፃናትና ለ1ኛ ክፍል የሚሆኑ መማሪያ ክፍሎች በሁለት ቦታ ሊሠሩ ታስቧል። አንዱ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለ ተዳፋት መሬት ነው፤ ሌላው ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ። በየቦታው አራት ክፍል፣ በክፍል እስከ 40 ልጅ። ገንዘቡ ከወላጅና ከአካባቢው ተወላጆች መዋጮ የሚሰበሰብ ስለሆነ አንድ ፕላን አሠርቶ ለሁለቱም መጠቀም ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

የመጣልን ንድፍ የተለመደው 7 በ8 ሜትር ክፍል ነው። ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። መስኮቱ «ልጆቹ ውጭ ውጭ እንዳያዩ» ተብሎ ከወለሉ 1.80 ሜትር ከፍ ይልና ከኮለን (ከአርማታ ምሰሶ) እስከ ኮለን ተያይዞ ይሄዳል።

መልስ የምፈልግባቸው፦ ፕላኑ ለሁለቱም ከተማ ይሆናል ወይ? ግድግዳው በብሎኬት ፋንታ በተጠቀጠቀ የአፈር ብሎኬት ቢሠራ ይረክሳል ወይ? ገንዘብ ሲያጥር የቱ ይቀነሳል፣ የቱ አይነካም? ሽማግሌዎቹ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የቀበሌው ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ አብሮ እንዲታሰብ ጠይቀዋል። የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን ውለታችሁ ብዙ ነው።

አምድና_ወጋግራ

ሰላም ጸሐፊ። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ የመስኮቱ ነገር ይስተካከል። በዚያ ንድፍ ውስጥ ያለው ትልቁ አደጋ እሱ ነው።

ደሴም ኮምቦልቻም የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ለሕፃናት የሚሠራ ማንኛውም ክፍል መንቀጥቀጥ ይመጣል ተብሎ ነው የሚሰላው።

መስኮቱ 1.80 ላይ ሲጀምርና ከኮለን እስከ ኮለን ክፍት ሲሆን፣ ከታች ያለው ብሎኬት ኮለኑን ግራና ቀኝ ጨምድዶ ይይዘዋል። ቤቱ ሲወዛወዝ ኮለኑ መተጣጠፍ የሚችለው ከላይ በቀረችው 70 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ብቻ ይሆናል። በሙሉ ቁመቱ ሊከፋፈል የሚገባው ኃይል እዚያች አጭር ቦታ ላይ ይከማችና ኮለኑ በመስቀል ቅርጽ ተሰንጥቆ ይቆረጣል፤ ጣሪያው ተከትሎ ይወርዳል። በብዙ አገር በመንቀጥቀጥ በፈረሱ ት/ቤቶች ላይ ደጋግሞ የታየ ጉድለት ይኸው ነው። ፌሮ በመጨመር ብቻ አይድንም፤ የመስኮቱ አቀማመጥ መለወጥ አለበት።

አማራጩ ይህን ይመስላል። 8 ሜትር ርዝመት ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት መስኮት፣ እያንዳንዱ 1.30 ስፋት፣ 1.70 ቁመት፤ ግርጌው ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር፣ አናቱ 2.30 ሜትር ላይ። በመስኮቶቹ መካከልና በሁለቱ ጥግ ከወለል እስከ ላይ የሚደርስ 1 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድፍን ግድግዳ ይቀራል። ኮለኖቹ 8 ሜትሩን በሦስት ከፍለው በየ2.67 ሜትሩ ይቁሙ፤ ያኔ እያንዳንዱ ኮለን የሚያርፈው ከድፍኑ ግድግዳ ውስጥ እንጂ ከመስኮት ጠርዝ ላይ አይደለም። በበሩ በኩል ባለው ረጅም ግድግዳ ሁለት መስኮትና 1 ሜትር ስፋት ያለው በር ይገባል። ክፍት ቦታው በአንዱ ጎን ከርዝመቱ 49፣ በሌላው 45 ከመቶ ነው። 50 እንዳያልፍ፣ ከጥግም 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መስኮት እንዳይገባ።

የአርማታ ቢም (አግድም ማሰሪያ) ሦስት ቦታ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይሂድ፦ ከመሠረቱ ላይ፣ ከመስኮትና ከበር አናት ላይ፣ ከግድግዳው ጫፍ ላይ። ብዙ ቦታ ሊንቴል (ከመስኮት አናት ላይ ያለው ቢም) በመስኮቱ ልክ ብቻ ይሠራና ይቆረጣል፤ ዙሪያውን ሲያያዝ የሚጨምረው አርማታ ጥቂት ነው፣ ጥቅሙ ግን ግድግዳው ተነጥሎ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ መያዙ ነው። የኮለን ስታፋ (ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ከላይና ከታች 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይታሠር። የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ የሚተወው ሲንቀጠቀጥ ይከፈትና ቋሚው ፌሮ ይጎብጣል። የኮለኑንና የፌሮውን ልክ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አስልቶ ይፈርምበት፤ ከሌላ ሕንፃ አይገለበጥም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በሁለቱ አጭር ጎን ከጣሪያው ሥር የሚቀረውን ሦስት ማዕዘን በብሎኬት አትሙሉት። በመንቀጥቀጥ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው፤ የሚወድቀውም ልጆች በሚሸሹበት በኩል ነው። በቆርቆሮ ወይም በጣውላ ይዘጋ።

አሁን መሠረት። እዚህ ላይ ሁለቱ ከተሞች ፈጽሞ አይገናኙም።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ጥቁር ዋልካ አፈር ሊኖር ይችላል። በበጋ መሬቱ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው ነገሩ ግልጽ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ውጤቱ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ በልስን ቢሸፈን በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ቢያንስ ሦስት ቦታ እስከ 3 ሜትር ተቆፍሮ አፈሩ ይመርመር። ዋልካው ስስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መሠረቱ ከሥሩ ባለው ጠንካራ አፈር ላይ ይረፍ። ወፍራም ከሆነ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይወጣና፣ ከግድግዳው መስመር 1 ሜትር ወደ ውጭ ጨምሮ፣ በገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት ጠንካራ አፈር) በ20 ሳንቲ ሜትር ድርብ እየረጠበ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ቦታውን በአሸዋ ወይም በልቅ ድንጋይ መሙላት ግን ጉዳት ነው፤ ውሃ ያጠራቅምና ከሥር ያለውን ዋልካ ያጠጣዋል። ቤቱን የሚዞር 1 ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ፣ በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ የግድ ያስፈልጋል። ባህር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ በቁመቱ ልክ ይራቅ፤ አፈሩን አድርቆ መሠረቱን ያሰምጣል።

ደሴ ላይ ችግሩ ተዳፋቱና ውሃው ነው። የተለመደው ስህተት ግማሹን ቆርጦ፣ የወጣውን አፈር ወደ ታች ገፍቶ ደልድሎ፣ አንድ ክፍል ግማሹን በተቆረጠው ግማሹን በሙሌቱ ላይ ማቆም ነው። ሙሌቱ ይሰምጣል፣ ክፍሉ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ላይ ይቀመጥ፤ ሙሌቱ ለመጫወቻ ሜዳ ይበቃል። አራቱን ክፍል በአንድ መስመር ከመደርደር ሁለት ሁለት አድርጎ በእርከን ማስቀመጥ ቁፋሮውን ይቀንሳል። በሁለቱ ብሎክ መካከል ክፍተት ይኑር፣ አይያያዙ። ከላይ በኩል ከግድግዳው ርቆ የተራራውን ውሃ የሚጠልፍ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ይኑር። የድጋፍ ግንቡ ከኋላው ጠጠር፣ ከፊቱ በየ1.5 ሜትሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው። ግንብ የሚገፋው በአፈሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃም ይገፋዋል። ቁፋሮው ከ2 ሜትር ካለፈ፣ ወይም ቦታው ላይ ምንጭ ወይም ያዘመመ ዛፍ ከታየ፣ የአፈር ባለሙያ ሳያይ አንድ ድንጋይ አይቀመጥ።

ብርሃን_በክፍል

አምድና_ወጋግራ ያስቀመጠው የመስኮት ልክ ለልጆቹም የሚሻለው ነው። አምስቱ መስኮት ሲደመር 11 ሜትር ካሬ ይሆናል፤ ከ56 ሜትር ካሬ ወለል 20 ከመቶ ማለት ነው። ለመማሪያ ክፍል የሚፈለገው የቀን ብርሃን ይህን ያህል ነው። ደሴ ክረምት ጉም ሲወርድ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ፊደል የሚታየው በዚህ ነው። ከሁለት ጎን ስለሚገባ ደግሞ ልጁ በገዛ እጁ ጥላ ላይ አይጽፍም።

«ውጭ እንዳያዩ» የሚለውን ተዉት። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ሰማይ ብቻ የሚያይበት ክፍል እስር ቤት ይሆንበታል። 60 ሳንቲ ሜትር ግርጌ ቁጭ ያለ ልጅ ዛፍና ሰው የሚያይበት ከፍታ ነው። ለደኅንነቱ የታችኛው 50 ሳንቲ ሜትር አይከፈት፤ መስታወት ሳይሆን ጣውላ ወይም ወፍራም ሽቦ ይግባበት፤ የብረት ፍርግርጉ ቋሚ ዘንግ በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሁን፤ አግድም ዘንግ መወጣጫ ስለሚሆን ይቅር። የሚከፈተው የላይኛው ክፍል ብቻ ይሁን። ወደ በረንዳ የሚከፈት ዝቅ ያለ መስኮት የሚሮጥ ልጅ ግንባር ይገምሳል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ የክፍሉ ፕላን ለሁለቱም ይሆናል፤ ግን ለአንዱ ተገልብጦ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው። ሁለቱም 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆኑ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች፤ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል 77 ዲግሪ ላይ፣ ከአናት ብዙም ሳትርቅ። ስለዚህ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር።

ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ልጆቹን እጃቸውን ከጋቢ ውስጥ አያስወጣቸውም። እዚያ በረንዳው በሰሜን በኩል ይሁን፤ በደቡብ የክዳኑ ጥላ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ ፀሐይዋ ክፍል ውስጥ ትግባ። ኮምቦልቻ ላይ ተቃራኒው ነው፦ 1.80 ስፋት ያለው በረንዳ በደቡብ በኩል ሆኖ ፀሐይዋን ይመልስ፤ መስኮቶቹ በሁለቱም ጎን ፊት ለፊት ይከፈቱ፣ ነፋስ እንዲያልፍ። ከክዳኑ ሥር በሁለቱም ጎን ሽቦ የተወጠረበት 10 ሳንቲ ሜትር የአየር መውጫ ይተው።

ለትንንሽ ልጆች ልኩ ሁሉ ዝቅ ማለት አለበት። ጥቁር ሰሌዳው ከወለሉ 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጀምር። በአንዱ ጎን ግድግዳ ላይ ከ50 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሰሌዳ ቀለም ከተቀባ ሀ ሁ ሂን አሥር ልጅ ባንድ ጊዜ በጠመኔ ይጽፍበታል፤ ከሞላ ጎደል ወጪ የለውም። ወንበርና ጠረጴዛ ከመታዘዙ በፊት ልጆቹ ይለኩ፦ ቁመታቸው ከ93 እስከ 116 ሳንቲ ሜትር ለሆኑ ወንበር 26፣ ጠረጴዛ 46፤ ከ108 እስከ 121 ለሆኑ 31 እና 53። የትልልቅ ልጆች ዴስክ ላይ እግሩ የሚንጠለጠል ልጅ ግማሽ ሰዓት አይቀመጥም። የበር እጀታ 80፣ ደረጃ ካለ የአንዱ ከፍታ 13፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ በ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። በር ወደ ውጭ ይከፈት።

ግንበኛ_ከፒያሳ

ስለ አፈር ብሎኬቱ እኔ ልበል። ይረክሳል፤ ግን አፈሩ ከሆነ ነው። ዋልካ አይሆንም፤ በምንም ያህል ሲሚንቶ አይሆንም። ቀይ ወይም ቡናማ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ነው የሚፈለገው። ላይኛው ሥርና ብስባሽ ያለበት ተገፍፎ ከሥር ያለው ይወሰድ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ስፋት፣ 4 ጥልቀት ያለው የጣውላ ሳጥን ውስጡ ዘይት ተቀብቶ በረጠበ አፈር ይሞላና እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ከደረቀ በኋላ አፈሩ ከጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሸሸ ይለካል። ከ15 በታች ከሆነ 1 ሲሚንቶ ለ18 አፈር፤ ከ15 እስከ 30 ከሆነ 1 ለ16፤ ከ30 እስከ 45 ከሆነ 1 ለ14፤ እስከ 60 ከሆነ 1 ለ12። ከዚያ በላይ ከሸሸ አሸዋ ይጨመርበትና እንደገና ይሞከር።

ብዛቱ፦ ለብቻው የቆመ 7 በ8 ክፍል፣ ግድግዳው 3 ሜትር ሲሆን፣ መስኮትና በሩ ሲቀነስ 77 ሜትር ካሬ ያህል ግድግዳ አለው። 29 በ14 በ10 የሆነ ብሎኬት በካሬ 30 ይገባል፤ የሚሰበረው ተጨምሮ 2,500። በ1 ለ16 ሲታሰብ 12 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ለብሎኬቱ ብቻ። በእጅ የሚሠራው መጭመቂያ አምስት ስድስት ሰው ይዞ በቀን 300 አካባቢ ያወጣል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ውሃ ይበዛበታል። ልኩ፣ ጭብጥ ተደርጎ ከወገብ ከፍታ ሲለቀቅ አራት አምስት ቦታ የሚፈረካከስ ነው፤ ሳይበተን ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ሁለተኛ፣ ሲሚንቶ የገባበት አፈር አንድ ሰዓት ካደረ ይሞታል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይቦካ። ሦስተኛ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሰባት ቀን በላስቲክ ተሸፍኖ እየረጠበ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ እስከ 28 ቀን ሳይገነባ ይቆይ።

ደሴ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ ከመሬት በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገንባ፤ ጥቁር ድንጋይ እዚህ አልጠፋም። የአፈር ብሎኬቱ ከዚያ በላይ ይጀምር።

አርማታውን በተመለከተ፦ 1 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር፣ ውሃ 25 ሊትር። ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ነው። ሠራተኛው እንዲቀልለው ውሃ ሲጨምር ጥንካሬው ይወርዳል፤ ውሃው በባልዲ ተለክቶ ይግባ። አሸዋው ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ይደር፤ ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከ100 እጅ 6 ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ኮለንና ቢም ቢያንስ ሰባት ቀን ጆንያ ለብሶ ውሃ ይጠጣ። በመዋጮ የሚሠራ ቤት ላይ ቁጥጥር የሚጎድለው በዚህ ነው፤ ሰው የሚዋጣው ድንጋይ ለማቀበል ነው እንጂ ቅዳሜ መጥቶ አርማታ ለማጠጣት አይደለም። ለዚህ ተረኛ ይመደብ።

ገንዘብ ካጠረ ደሴ ላይ ኮርኒሱ ቢቀር እላለሁ። ክዳኑ ላይ ከሚቀነስ እሱ ይሻላል።

ብርሃን_በክፍል

ወንድሜ፣ በኮርኒሱ አልስማማም። ደሴ ላይ በሐምሌ ያለ ኮርኒስ ቆርቆሮ ሥር የሚማር ልጅ የመምህሯን ድምፅ አይሰማም፤ በረዶ ሲጥል ትምህርቱ ይቆማል። ፊደል በድምፅ የሚማር ሕፃን «ጸ»ን ከ«ጠ» ካልለየ ዓመቱን ሙሉ ይጎተታል። ብርዱም አለ፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ጠዋት የልጆቹ ትንፋሽ ሲነካው ጤዛ አውጥቶ ደብተር ላይ ያንጠባጥባል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሙቀቱን የሚመልሰው ይኸው ነው። 8 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ይበቃል፤ ቀለም ባይቀባ ግድ የለም።

የሚቀነሰው ሌላ ነው፦ የውጭ ልስን (የብሎኬቱ ወይም የድንጋዩ መጋጠሚያ በደንብ ከተሞላ)፣ ቴራዞ ወለል፣ የኮርኒስ ጌጥ፣ ባለ ብዙ ቀለም ግድግዳ፣ ትልቁ የብረት በር፣ የአጥሩ ግንብ። 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ለዓመታት ያገለግላል። ለደሴው ግን በየክፍሉ ጥግ 2 በ3 ሜትር የጣውላ መቀመጫ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራ፤ ተረት የሚሰሙት መሬት ላይ ተቀምጠው ነው፣ ሲሚንቶው ደግሞ በረዶ ነው።

ግንበኛ_ከፒያሳ

የጤዛው ነገር እውነት ነው፤ እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ግን ከቺፑድ ይልቅ ርካሽ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ንጣፍ ከላይ ላስቲክ ተነጥፎበት ይሠራል፤ አይጥ እንዳይገባበት ዙሪያው በሽቦ ይዘጋ። ክዳኑ ግን 28 ጌጅ ይሁን። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 እና 35 በረዶ ይበሳዋል፣ ነፋስም ምስማሩ ላይ ይቀደዋል። የሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) ርቀት ከ90 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ምስማሩ ከነጎማው በጉብታው ላይ ይመታ እንጂ በጎድጓዳው ላይ አይመታ። ትረሱ (ክዳኑን የሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ወይም የብረት ሥራ) በየ1.33 ሜትሩ ሰባት ይሆናል፤ ከላይኛው ቢም ጋር አርማታው ሲሞላ በተቀበረ ፌሮ ይታሠር፤ በምስማር ብቻ የተያያዘ ጣሪያ በነፋስ ይነሣል።

ወመህ_ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። የደሴው ቦታ ከጦሳ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብል ነው። ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ካዞርነው ቤቱ ተዳፋቱን ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከተባለው የቁፋሮ ምክር ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው የስብሰባው ቦታ ነው። ሁለት ክፍል መካከል የሚታጠፍ የጣውላ ግድግዳ ቢደረግ አንድ አዳራሽ ይወጣዋል የሚል አለ።

አምድና_ወጋግራ

ሁለቱ ሲጋጩ መሬቱ ይቅደም። ቤቱ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ እኩል ከፍታ ያለውን መስመር ተከትሎ ይቀመጥ። ረጅሙ ጎን ያኔ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ በደሴ ብርድ ይህ ትልቅ ጉዳት የለውም፤ ጠዋት 2፡30 ላይ ክፍሉን የሚያሞቀው የምሥራቅ ፀሐይ ነው። በምዕራብ፣ በተራራው በኩል፣ በረንዳው ይሁን፤ የከሰዓቱን ፀሐይ ይከላከላል፣ ከድጋፍ ግንቡም ያርቃል። ለዓይን የሚያስቸግረው የማለዳው ጨረር ሰሌዳው በአጭሩ ጎን ላይ ከሆነ በመጋረጃ ይፈታል። አፈር ቆርጦ ፀሐይን ከማሳደድ ይህ ይሻላል።

ስለሚታጠፈው ግድግዳ፦ በሁለት ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ቤቱን በአግድም የሚያጸናው ነው። እሱን አውጥቶ 16 ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቤት ማድረግ ይቻላል፤ ግን ቦታው ላይ የተሰላ የአርማታ ፍሬም ይፈልጋል፤ ወጪው ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ የጣውላው መጋጠሚያ ድምፅ ያሳልፋል፤ በሥራ ቀን ሁለቱ ክፍሎች ይረባበሻሉ።

ከዚያ ይልቅ ከክፍሎቹ ጫፍ በረንዳውን አስረዝሞ 6 በ8 ሜትር ግድግዳ የሌለው ቋሚ ዳስ ይሠራ፤ ስድስት ኮለን፣ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ በሁለት ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መቀመጫ። በሥራ ቀን ልጆቹ ይበሉበታል፣ ዝናብ ሲሆን ይጫወቱበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ለእድሩ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ለጎልማሶች ትምህርት ይሆናል። ከመንገዱ በኩል የራሱ በር ይኑረው፤ ክፍሎቹ ተቆልፈው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ማን እንደሚጠርገው ከመሠራቱ በፊት ከቀበሌው ጋር በጽሑፍ ይታሠር።

ንጹህ_ውሃ

መጸዳጃና ውሃ ሳይነሣ እንዳያልፍ።

በየቦታው 160 ልጅ ነው። ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ ለ25 ሴት ልጅ አንድ መቀመጫ ሲታሰብ አራት፤ ለወንዶቹ ለ50 አንድ ሲታሰብ ሁለትና አንድ የሽንት መሽኛ። ለመምህራን አንድ፣ ለአካል ጉዳተኛ ሰፊ በር ያለው አንድ። ለሕፃናት ቀዳዳው ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አይሰፋ፤ ልጅ ትልቅ ቀዳዳና ጨለማ ስለሚፈራ ከኋላው መጸዳዳት ይጀምራል። በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፤ ከላይ ብርሃን ይግባበት፤ ከክፍሉ መምህሯ የምታየው ርቀት ላይ ይሁን። የአየር ቱቦው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከክዳኑ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ አናቱ ላይ የዝንብ ሽቦ ያለው።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት መጨረሻ ላይ ይታይ። የጉድጓዱ ወለል ከውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ካልተቻለ ከመሬት በላይ የሚሠራ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው የሚዞር ይሠራ። ደሴ ላይ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከምንጩ በታች በኩል ይሁን።

ሁለት ክፍል ያለው ብሎክ ከነበረንዳው 150 ሜትር ካሬ ያህል ክዳን አለው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 1,275 ሊትር ይገኛል። ለእጅ መታጠቢያ በልጅ 2 ሊትር ከታሰበ በቀን 320 ነው፤ 10,000 ሊትር ታንከር አንድ ወር ያደርሳል። አሸንዳው 16 ሜትሩን ወደ አንድ ጎን አይፍሰስ፤ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፍ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ይዝቀጥ። መጀመሪያ የሚወርደው 75 ሊትር ያህል አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ስለሆነ በቋሚ ቱቦ ተጠልፎ ይደፋ። ይህ ውሃ ለመታጠቢያ ነው፤ ለመጠጥ ካልታከመ አይሰጥ። የመታጠቢያው ቧንቧ ከፍታ 55 ሳንቲ ሜትር።

ግንበኛ_ከፒያሳ

የወሩ አያያዝ ይህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ የአፈር ምርመራውና ፕላኑ በክረምት ይለቅ፤ ቁፋሮ መሬቱ ሲጠነክር ጥቅምት ላይ ይጀመር፤ የአፈር ብሎኬቱም በዚያው ወር መመረት ይጀምር፣ 28 ቀኑን እስኪጨርስ መሠረቱ ይደርሳል። ግድግዳው እስከ ጥር፣ ክዳኑ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ በየካቲት አጋማሽ። ኮርኒስ፣ ወለል፣ በርና መስኮት ክዳን ሥር ስለሚሠሩ እስከ ሰኔ ጊዜ አላቸው። ገንዘቡ አራቱን ክፍል በአንድ በጋ የማያደርስ ከሆነ አራት መሠረት አውጥታችሁ አታቁሙ፤ ክረምት የገባበት ባዶ ቁፋሮ ይናዳል፣ የተተወ ፌሮም ይዝጋል። ሁለቱን ክፍል ከነክዳናቸውና ከነመጸዳጃቸው ጨርሱ፣ የቀሩትን ለሚቀጥለው ጥቅምት።